በጎማ ላይ የቆመ ቤት

ያን ቀን ጠዋት ፈሂማ እንደ ወትሮዋ ከሁሉ ቀድማ ነቃች። ከመኝታዋ ሳትነሣ የልጇን ትንፋሽ አዳመጠች። ሐዲያ አጠገቧ ተኝታለች፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ ግን ትንፋሿ አልተቋረጠም። ፈሂማ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተነሣች፤ ግቢውን ጠረገች፤ ከቡና ቅጠል ቁጢ አፍልታ ወተት ጨመረችበት። ባሏ ዐብዱልሐኪም ሱብሒን ሰግዶ ከሰፈሩ መስጊድ ሲመለስ ትኩስ ዳቦ በሻሽ ጠቅልሎ ገባ። አማቷ ኸዲጃ ነደባው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። ነደባ በሐረሪዎች ቤት ከበሩ ትይዩ በድንጋይና በጭቃ ከፍ ተደርጎ የሚሠራ፣ በቀይ አፈር የሚለሰን መቀመጫ ነው፤ የቤቱ ክብር እዚያ ላይ ይቀመጣል። ዳቦው ተቆረሰ፤ ቁጢው ተቀዳ። ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር በኩል ወደ ገበያ የሚሄዱ አህዮች ኮቴ ይሰማ ነበር። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም።

«ዛሬ ደምሴ ጋ እሄዳለሁ» አለ ዐብዱልሐኪም።

«ደግሞ ለምን?» አሉ ኸዲጃ።

«ቤት ልገዛ።»

«ቤት? ይህ ምን ሆነና?»

«ይህ አይሄድማ፣ እናቴ። እኔ የምገዛው የሚሄደውን ነው።»

ኸዲጃ መቁጠሪያቸውን ያዝ አድርገው የልጃቸውን ፊት አዩት። እየቀለደ አልነበረም።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት፣ ወሩ መስከረም ነበር። ዝናቡ መቆሙ ለሌላው ደስታ ነው፤ ለዚህ ቤት ግን ስጋት። ዝናቡ ከቆመ ብርዱ ይከተላል፤ ብርዱ ሲመጣ የሰባት ዓመቷ ሐዲያ አስም ይነሣባታል። ባለፈው ታኅሣሥ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ዐይኗ ተገልብጦ፣ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። የመረመራት ሐኪም ለአባቷ የነገረው አጭር ነበር፦ «የብርዱን ወራት ቆላ ወርዳ ታሳልፍ። ሌላ እንዲህ ያለ ብርድ የምትችል አይመስለኝም።» ቆላ! ሲናገሩት ቀላል ነው። ግን የት? በማን ቤት? ዐብዱልሐኪም ነጋዴ ነው፤ ክረምቱን በከተማው ሱቁ ይውላል፤ በበጋ ግን አቡጀዲና ሻል በላንድሮቨሩ ጭኖ ከባቢሌ ወዲያ ባሉት የቆላ ገበያዎች እየዞረ ይሸጣል፤ ዛሬ ባደረበት ነገ አያድርም። ሚስቱንና የታመመች ልጁን በየገበያው ዳር፣ በሰው በረንዳ ላይ ሊያሳድር ነው? ትቷቸው ቢሄድስ... ሲመለስ ማንን ያገኛል? ይህ ጥያቄ ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶት ከረመ።

ደምሴ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጣ፣ ከግንቡ ውጭ ትንሽ ጋራዥ ያለው የሸዋ ሰው ነው። በግቢው ጥግ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ባለ ሁለት ጎማ የወታደር ተጎታች ቆሞ ነበር፤ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል።

«አቶ ዐብዱልሐኪም፣ ይህን ወስደው ምን ያደርጉታል?»

«ልጄን አኖርበታለሁ።»

ደምሴ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። የሐዲያን ሕመም ያውቃል። «እንግዲያው ዶሮዎቼን ላስለቅቃ!» አለ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ፈሂማ በሕይወቷ ከኖረቻቸው ሁሉ የተሻሉት ነበሩ። ዐብዱልሐኪም ሱቁን ዘግቶ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ደምሴ ግቢ ያሳልፋል። የቆላው መንገድ ድንጋይና አሸዋ ነውና በመጀመሪያ የተጎታቹን ሞላ፣ ባሌስትራውን፣ አስደረቡ፤ የከባድ መኪና ጎማ አስገቡለት። በብረቱ ላይ የእንጨት ማገር አቆሙ፤ ውጭውን በቆርቆሮ፣ ውስጡን በሳንቃ አለበሱት፤ ሙቀት እንዳያስገባ በመሐሉ ገለባ ጠቀጠቁበት። መስኮቱ ላይ ለዝንብ ወንፊት ሽቦ፣ ጣራው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ የሸራ ዳስ፣ ከሥር የውሃ በርሜል ከነቧንቧው። ጢሱ ሐዲያን እንዳያፍናት የላምባው ምድጃ ከውጭ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ ሆነ። ከተጎታቹ እስከ መኪናው ጋቢና ድረስ ሲባጎ ዘረጉና ጫፉ ላይ የግመል ቃጭል አንጠለጠሉ፤ በመንገድ ላይ ልጅቷ ትንፋሽ ካጠራት እናትየው ትስባለች፣ አባትየው ይቆማል። ሐዲያ በየቀኑ እየሄደች ሲባጎውን ትስባለች፤ አባቷ ካለበት ሆኖ «አቤት እመቤቴ!» ይላታል። ሰፈሩ በሙሉ መሳቂያ አደረገው። «ዐብዱልሐኪም፣ ግመልህ ስንት ሊትር ይጠጣል?» ይሉታል በሱቁ በኩል ሲያልፉ። «እንዳንተ አይጠጣም» ይላል፤ ይስቃሉ።

መስኮት ተሰቀለ፤ በር ተገጠመ፤ በመጨረሻም ከበሩ ትይዩ፣ በኋለኛው ግድግዳ በኩል፣ ሰፊ የሳንቃ መኝታ ተሠራ። ኸዲጃ ሊያዩ የመጡት ያን ዕለት ነው። በበሩ አጎንብሰው ገቡ፤ መስኮቱን ነካኩ፤ መደርደሪያውን አመሰገኑ። ሳንቃው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ ምንድነው?»

«መኝታቸው ነው፣ እናቴ።»

«ይህ ሳጥን ነው። የልጅ ልጄ ሳጥን ላይ እንደ ሸቀጥ ልትጫን ነው? ነደባ የሌለበትን ቤት ትለዋለህ? በሰው አገር ሄዳ የማን ልጅ ናት ሊሏት ነው?»

«ድንጋይና ጭቃ ይከብዳል።»

«ቤት አልክ አይደል? ቤት ይከብዳል። የሚቀለው ዳስ ነው።»

ዐብዱልሐኪም ወደ ሚስቱ ዞረ። ፈሂማ አንገቷን ደፋች። እውነቱን ለመናገር እሷም በዚያ ባዶ ሳንቃ ላይ ልጇን ማስተኛት ከብዷት ነበር። በማግሥቱ ሳንቃው ተነቀለ፤ በምትኩ ድንጋይ ተደረደረ፤ ጭቃ ተመረገ፤ ኸዲጃ በገዛ እጃቸው ቀዩን አፈር ለሰኑት። ኸዲጃ የወጣትነታቸውን ሰሐኖች አምጥተው ከበላዩ ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ደምሴ መጣ፤ ዞሮ ዞሮ አየው።

«ክብደቱ ወደ ኋላ መሆኑ ደግ ነው» አለ። «አባቴ ድሬዳዋ ጋሪ ነጂ ነበር። ጋሪ ወደ ኋላ ሲጫን ለፈረሱ አንገት ይቀለዋል። መኪናውም እንደዚያው።»

ለጥ ባለው በአቦከር መንገድ ይዘውት ወጥተው ሞከሩት፤ እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። ሁሉም ተደሰቱ። ሁሉም ያወቁትን ያህል፣ የወደዱትን ያህል አደረጉ። ከዚህ በላይ ሰው ምን ያደርጋል?

ግን ጭቃው እስኪደርቅ ጥቅምት አለቀ። ብርዱ ቀድሞ ገባ። የሐዲያ ደረት ይበልጥ ያፏጭ ጀመር፤ አንድ ሌሊት እስኪነጋ ተቀምጣ አደረች። ዐብዱልሐኪም «ከእንግዲህ አንድ ቀን አንጨምርም» አለ። በኅዳር መጀመሪያ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ተነሡ። ኸዲጃ ዱዓ እያደረጉ እስከ በሩ ሸኟቸው። እናትና ልጅ ነደባው ላይ ተቀመጡ፤ አባት መሪውን ያዘ።

ወደ ኤረር ሸለቆ መውረድ ሲጀምሩ ሐዲያን ሳል ያዛት። ፈሂማ ሲባጎውን ሳበች፤ ቃጭሉ ጮኸ፤ መኪናው ቆመ። ዐብዱልሐኪም ሮጦ መጣና ልጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ጀርባዋን አሸላት። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

«ፀሐይዋ ሳትጠልቅ እታች እንድረስ፣ ፈሂ። ታች ሙቀት አለ። ትንሽ ልፍጠን?»

«ፍጠን» አለች ፈሂማ።

ሄዱ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ሰሐኖቹ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ቀስ ብለው ተንቀጫቀጩ። ቀጥሎ ወለሉ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ወደ ግራ ሄደ... ፈሂማ መንገዱ መስሏት ነበር። ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው የባሰ ሆነ። አንድ ሰሐን ወድቆ ተሰበረ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ሐዲያን አቅፋ ግድግዳውን ያዘች። ያን ጊዜ ቃጭሉ ራሱ መጮህ ጀመረ! እሷ አልሳበችውም፤ ውዝዋዜው ነበር የሚስበው። ባሏ ምን ይመስለው ይሆን? ልጁ የታፈነች አይመስለውም? ፍሬን ይይዛል፤ ይዟልም... ተጎታቹ እንደ ጅራት ተወርውሮ መኪናውን ከኋላው ገፋው። በፊት መስኮት አየችው። ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ ነበር። ከዚያ መሪውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ተራራው ጠመዘዘ።

ተጎታቹ በተራራው በኩል ያለውን የአፈር ግድግዳ ተደግፎ፣ እየተፋተገና እየጮኸ ሄዶ ቆመ። መንጠቆው ተበጠሰ። መኪናው ብቻውን ዞሮ፣ በመንገዱ ማዶ፣ በገደሉ በኩል፣ ከዐይኗ ተሰወረ።

ቀጥሎ ጸጥታ ሆነ። ሐዲያ «እማ፣ አባባ ቆመ?» አለች።

ጫት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወጡ ገበሬዎች ደርሰው ገደሉን ወረዱ። ሲመለሱ አንዱ ሽማግሌ ሻሹን ከራሱ አውርዶ ይዞ ነበር። ምንም ቃል አላስፈለገም። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! ዐብዱልሐኪም ሚስቱንና ልጁን ወደ ተራራው ገፍቶ፣ ገደሉን ለራሱ ወስዶት ነበር።

በለቅሶው ቤት ኸዲጃ አላነቡም። ደርቀው ተቀመጡ። በኋላ ግን ሴቶቹ ሲሄዱ፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣ ፊታቸውን ወደ ፈሂማ አዞሩ።

«ልጄ በዚህ ቤት ተወልዶ፣ በዚህ ቤት አደገ። ቤቴን ብርድ ነው አላችሁ። አንቺና ያ ቆርቆሮ ናችሁ ከቤቱ ያወጣችሁት።»

ፈሂማ ሐዲያን ወደ ራሷ አስጠጋች። ቀደም ብሎ፣ ለሐዘን የመጣው ደምሴ ከበሩ ውጭ አስጠርቷት ነበር። ያ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ እያለቀሰ ነበር።

«ወይዘሮ ፈሂማ፣ እኔ ነኝ። ተጎታቹን አስመጥቼ አየሁት። ክብደቱ በሙሉ ከጎማው ኋላ ነው። ቁልቁለት ላይ ሲፈጥን የኋላው ነው የሚያወዛውዘው። እኔ በጋሪው አሰብኩ... ጋሪ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ መኪና እንደዚያ አይደለም።»

«የምኑ ክብደት?» አለች፤ ግን እየጠየቀች ሳለ አወቀችው።

ደምሴ ዐይኑን ወደ ቤቱ ውስጥ፣ ኸዲጃ ወዳሉበት ላከ፤ መልሶም ሰበረው።

«አቶ ደምሴ፣ እባክዎ፣ ለእሳቸው እንዳይነግሯቸው። ለማንም።»

እነሆ፣ በየቀኑ ስድቡን ትሰማለች፤ ዝም ትላለች። ኸዲጃ «ያን ቆርቆሮ እሳት ይብላው!» ሲሉ ዝም ትላለች። «ቀለብላባ፣ ቆላ አማራት!» ሲሉ ዝም ትላለች። አንድ ቃል ከአፏ ብታወጣ ስድቡ ለዘለዓለም ይቆም ነበር። ግን እናትን «በገዛ እጆችዎ የለሰኑት አፈር ልጅዎን ገደለው» ብሎ የሚነግር አንደበት የማን ነው?

ብርዱ ግን ሐዘን አያውቅም። ኅዳር ሲጋመስ ሐዲያ ወደቀች። በጠራራ ቀን፣ ግቢው ውስጥ፣ አየር ፍለጋ አፏን ከፍታ፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ... ፈሂማም ለነፍስ ብላ አብራ ወጥታ፣ ሆስፒታል ወስደው መለሷት። ሐኪሙ ፈሂማን ብቻዋን ጠርቶ «ቆላ አላልኩም ነበር?» አላት። ምን ትበለው? ባሏ የሞተባት ሴት በዒዳ ላይ ናት፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። ልጅቷ ደግሞ ስትታፈን ከእናቷ እቅፍ በቀር የሚያረጋጋት የለም። ዒዳው እስኪያልቅ ብርዱም ያልቃል፤ ሐዲያስ?

የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ሙሜ ተጠርተው መጡ። የሐዲያን ትንፋሽ ቁጭ ብለው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ልጄ፣ ባልሽ ሲሞት የት ነበርሽ?»

«እሱ በሠራልን ቤት ውስጥ።»

«ሊያኖርሽ አስቦ የሠራው ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያውስ ዒዳሽን እዚያው ብትጨርሺ ከቤትሽ ወጣሽ የሚልሽ የለም። ደግሞ የልጅ ነፍስ አለችበት፤ አላህ ያውቃል።»

ፈሂማ የሼሁን እጅ ልትስም ስትነሣ ኸዲጃ ቀድመው ቆሙ።

«አይሆንም! ሼህ፣ እርስዎ ዲኑን ያውቃሉ፤ እኔ የቀበርኩትን አውቃለሁ። የልጅ ልጄ ዳግመኛ ያን ነገር አትረግጠውም!»

ሼሁ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ሁለቱ ሴቶች ነደባው ላይ ትይዩ ቀሩ፤ በመሐላቸው ሐዲያ በትራስ ተደግፋ ትተነፍሳለች፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ እየተፋጨ ይገባል፤ እየተፋጨ ይወጣል።

«እናቴ፣ እዚህ ከቆየች ትሞታለች።»

«እዚያ ብትገባስ? አባቷ አልሞተም? ምን ተለወጠና ነው?»

ምን ተለወጠ? መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ብትናገረው ልጇ ትወጣለች፤ እኚህ ሴት ግን እንዴት ያድራሉ? ባትናገረው... ሐዲያ ሳለች። ሳሉ አልቆም አለ።

«ደምሴ ክብደቱን ያስተካክለዋል» አለች ፈሂማ።

«የምኑን ክብደት?»

ፈሂማ የሐዲያን ትራስ አስተካከለች።

«የምኑን ክብደት ነው የምልሽ፣ አንቺ ሴት!»

ፈሂማ ዐይኗን ከሐዲያ ላይ አላነሣችም። ኸዲጃ አሁንም ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ድንገት እጃቸው የተቀመጡበትን ቀይ ልስን ነካ። ጣቶቻቸው እዚያው ቀሩ። ያን ጠንካራ ፊት የሆነ ነገር ከውስጥ ሲያፈርሰው ፈሂማ አየች። አሮጊቷ ተነሡ፤ ሻሻቸውን ተከናነቡ፤ ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ፈሂማ ልትከተላቸው አልቻለችም፤ ዒዳ ላይ ናት፤ ልጇም በእጇ ላይ ናት።

የሆነውን የነገራት ደምሴ ነው። ኸዲጃ ጋራዡ ገብተው «መዶሻ» አሉ። ሰጣቸው። ተጎታቹ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። ልርዳዎት ቢል «ማንም እንዳይነካው! የለሰንኩት እኔ ነኝ» አሉት። ከዚያ ውስጡ ሲፈርስ ሰማ። ድንጋዩን እያቀፉ፣ አንድ በአንድ፣ እያወጡ ግቢው ላይ ጣሉ። በየመሐሉ ድምፃቸውን ሰማ፤ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ የዐሱር አዛን ሲሰማ፣ ተመለሱ። ልብሳቸው፣ ክንዳቸው፣ ፊታቸው ሳይቀር ቀይ አፈር ነበር። በሩ ላይ ቆሙ፤ ለመግባት የፈሩ ይመስሉ ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ስሰድብሽ ሁሉ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን... ለምን ዝም አልሽ?»

«ሐዲያ አባቷን አጥታለች። አያቷንም እንድታጣ አልፈለግኩም።»

ኸዲጃ ዱላቸውን ጣሉ። ፈሂማ ሮጣ ደገፈቻቸው፤ አብረው መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ፤ ጉንጫቸው ላይ ያለውን ቀይ አፈር እየቆረጠ ወረደ። «ገደልኩት! ልጄን ገደልኩት!» ይላሉ፤ ፈሂማ አፋቸውን በመዳፏ ትሸፍናለች። «አይበሉ። ወደዱን እንጂ፣ እናቴ... ወደዱን እንጂ።» የሁለቱ ለቅሶ አንድ ሆነ። ሐዲያ ከትራሷ ላይ ወርዳ፣ ትንፋሿ እያፏጨ፣ በሁለቱ መካከል ገባች።

በማግሥቱ ደምሴ የተጠገነውን ተጎታች ከአሮጌ ጂፑ ጋር ቀጥሎ መጣ። ሳንቃው ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር፤ የውሃው በርሜልና ዕቃው ሁሉ ወደ ፊት ሄዷል። ኸዲጃ የልጅ ልጃቸውን ራሳቸው አቅፈው ሳንቃው ላይ አስተኟት፤ ከሥሯ የራሳቸውን ፍራሽ አነጠፉላት። ቀስ ብለው፣ ቁልቁለቱን በእግር እንደሚሄድ ሰው፣ ወረዱ። ያ ቦታ ሲደርሱ ደምሴ ቆቡን አወለቀ፤ ፈሂማ ሐዲያ በመስኮቱ እንዳታይ በደረቷ ሸፈነቻት። ቆላው ሲቀበላቸው አየሩ ደረቅና ሙቅ ነበር፤ ልጅቷ ሳትነቃ እስከ ጠዋት ተኛች።

ሰው ልጁን ሊያድን ቤት ይሠራል። እናት ለልጅ ልጇ ክብር ትሻለች። ወዳጅ ከአባቱ የተማረውን ይመክራል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ክፋቱ የቱ ጋ ነበር? ፈሂማ ይህን በየጊዜው ጠይቃለች፤ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ ከማለት በቀር የመለሰላት የለም። ምናልባት የቀደር ጭካኔው ይህ ነው፤ የሚወቀስ ሰው እንኳ አያስተርፍም።

ሐዲያ ያን ብርድ አለፈች፤ የሚቀጥለውንም። አሁን ተማሪ ቤት ትሄዳለች፤ ከእኩዮቿ ጋር ትሮጣለች። ኸዲጃና ፈሂማ አንድ ቤት ይኖራሉ፤ አንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ጥቅምት ሲገባ ሦስቱም ቆላ ይወርዳሉ፤ ደምሴ ይነዳል። ዐብዱልሐኪም የለም።